ከአሞራ ገደል እስከ ጓሮ፦ የዓሣ ትራፊን ኮምፖስት የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ብትሄዱ ጀልባዎቹ ገብተው፣ ዓሣው ወርዶ፣ ልጆቹ ቢላቸውን ስለው ሲበልቱ ታገኛላችሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ዙሪያውን ከበው ይጠብቃሉ። ከአንድ ቆሮሶ ዓሣ ሥጋው ተገፎ ሲወጣ ከክብደቱ ሲሶው ቢሆን ነው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቅርፊትና የሆድ ዕቃ ነው። ጥቂቱ ለሾርባ ይሄዳል። ጥቂቱን ወፎቹ ይጨርሱታል። ሌላው ዳር ላይ ይበሰብስና ዝናብ ሲመጣ ወደ ውሃው ይታጠባል።

ከሐይቁ ፈንጠር ብለው ያሉት ገበሬዎች ደግሞ ዩሪያ አልቀመስ ብሏቸዋል። የብዙዎቹ ማሳ ላላ ያለ፣ አሸዋማና ቀላል አፈር ነው። ውሃም ማዳበሪያም ቶሎ ያሾልካል። ያ አፈር የሚፈልገው ዳር ላይ የሚበሰብሰውን ነገር ነው።

ይህ መመሪያ የዓሣ ትራፊን ከሐይቁ ዳር አንስቶ፣ ሳይሸትና ጅብ ሳይጠራ ኮምፖስት (የተብላላ የተፈጥሮ ማዳበሪያ) አድርጎ፣ ማሳ ላይ እስከማዋል ያለውን ሥራ ያሳያል። ለአንድ ቤተሰብም፣ ለተደራጁ ወጣቶችም ይሆናል።

ሐዋሳ ላይ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

ሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ የሚወጣ ውሃ የለውም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 22 ሜትር አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝም አንድ ጥቁር ውሃ ነው። ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጥቂቱ ወደ መሬት ይሰርጋል። አብሮት የገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን አብዛኛው እዚያው ይከማቻል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ይቀልበዋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ ከዳር የሚነሳ እያንዳንዱ ባልዲ ትራፊ ለአስጋሪውም ጥቅም አለው። የነገ ዓሣው የሚኖረው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው።

መቼ ይጀመር?

የመጀመሪያውን ክምር ኅዳር ወይም ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ብትሠሩ ጥሩ ነው። የበቆሎ አገዳ ያኔ እንደ ልብ ነው። ዝናብ የለም። መጋቢት ላይ የበልግ ተከላ ሲደርስ ኮምፖስቱም ይደርሳል።

ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ወቅት የዓሣ ገበያው ስለሚደራ ትራፊውም ይበዛል። በዚያ ጊዜ የተሠራ ክምር ለክረምት ይደርሳል። ችግሩ መሃል ላይ የበልግ ዝናብ ያገኘዋል። መሸፈኛ አስቀድማችሁ ካዘጋጃችሁ ግን አይከብድም።

ቦታ መምረጥ

ከሐይቁም ከወንዙም ቢያንስ 100 ሜትር፣ ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ 30 ሜትር ራቁ። ጎርፍ የሚያልፍበት ቦታ አይሆንም። ትንሽ ከፍ ያለ፣ የዛፍ ጥላ ያለው ይሁን። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ቤት የሚነፍስ ከሆነም ሌላ ቦታ ፈልጉ። በደንብ የተሠራ ክምር አይሸትም፤ ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ ትራፊው ሲራገፍ ይሸታል። ከጎረቤት ጋር ቀድሞ መነጋገር በኋላ ከመጣላት ይሻላል።

ጉድጓድ አትቆፍሩ። ብዙ ቦታ ኮምፖስት በጉድጓድ ይሠራል፤ ለደረቅ ቅጠልና ለእበት ያስኬዳል። ዓሣ ግን በጣም እርጥብ ነው። ጉድጓድ ውስጥ አየር ስለማያገኝ ይገማል። መሬት ላይ ይከመር።

ደረቁ ነገር ይቅደም

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሰው ትራፊውን በባጃጅ ጭኖ ያመጣና የሚሸፍንበትን ደረቅ ነገር ፍለጋ ይሮጣል። እስኪመለስ ዝንቡ ወርሮታል። ደረቁ ነገር ተከምሮ ሳያልቅ አንድ ባልዲ ዓሣ እንኳ ወደ ግቢ አታስገቡ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፖስቱን የሚሠሩት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። የዓሣ ትራፊ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 5 እጅ ገደማ ካርቦን ብቻ ነው ያለው። ትርፉ ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ያ ነው። ሽታው ራሱ ማሳችሁ ላይ መዋል የነበረበት ማዳበሪያ ነው። ደረቁ ነገር ካርቦኑን ይሞላል፣ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ አየርም ያስገባል።

ሐዋሳና አካባቢዋ ላይ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦

- ሰጋቱራ። ከእንጨት ሥራ ቤቶች ይገኛል። ሽታ በመያዝ የሚያክለው የለም። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው፣ ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ የወጣው ግን ሙጫና ኬሚካል ስላለው አይሆንም።
- የበቆሎ አገዳ። በገጀራ ከጣት ባልበለጠ ርዝመት ይከተፍ። ሳይከተፍ ከገባ ዓመት ይቆያል።
- የቡና ገለባ። ከቡና መፈልፈያዎች ይገኛል። በጣም ጥሩ ነው።
- የጫት ገረባ። ከተማዋ ውስጥ ሞልቷል። ግን ሲደርቅ ብቻ ነው እንደ ደረቅ የሚቆጠረው። እርጥቡ ቅጠል ከእበቱ ጋር ይመደብ። እንጨቱን ከትፉት፣ ፌስታሉንም ልቀሙ።
- ደረቅ ኮባ። መሬት ላይ ለማንጠፍም ለመሸፈንም ይሆናል።

ከሰጋቱራና ከአገዳ አንዱን ብቻ አትያዙ። ሰጋቱራ ብቻውን ይጠቀጠቃል፤ አየር አያስገባም። አገዳ ብቻውን ክፍተቱ ይበዛል፤ ሽታውን አይዝም። እኩል እኩል ተቀላቅለው ግን ጥሩ ይሠራሉ።

የማይገቡ ነገሮችም አሉ። በአጠውልግ በሽታ የሞተ እንሰት ክምሩ ውስጥ አይግባ። የክምሩ ጠርዝ እንደ መሃሉ ስለማይሞቅ በሽታውን ወደ ጤናማው እንሰት ትወስዱታላችሁ። ቅንጨ አረም ካላበበ ይገባል፤ ዘር ከያዘ አይገባም። እምቦጭም እንደዚሁ ነው። ሳያብብ ከተነቀለ ፀሐይ ላይ ይድረቅና ይግባ፤ አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ እርጥቡን ከዓሣ ጋር መከመር ክምሩን ያሰጥመዋል። ዘሩ ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ ያበበውን ግን ክምሩ ውስጥ አታስገቡ።

አመድ ላይ አንድ ቃል። ኮምፖስት ላይ አመድ መነስነስ የተለመደ ነው። ከትኩስ ዓሣ ጋር ግን አይሆንም። አመድ አሞኒያውን ስለሚያስለቅቀው ናይትሮጅኑ ይባክናል። አመዳችሁን ለእንሰቱ ሥር አስቀምጡት።

ትራፊውን መሰብሰብ

ዓሣ ከሚበልቱት ልጆች ጋር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ሄዶ ከመሬት መልቀም አያዋጣም። ከመሬት የተለቀመ ትራፊ ፌስታል፣ ጠርሙስና አሸዋ አለበት።

ክዳን ያለው በርሜል ወይም ባልዲ ወስዳችሁ ከሚበልቱበት ሥር አስቀምጡላቸው። መጀመሪያ ግራ ይገባቸዋል። «ጋሼ፣ ይሄን ቆሻሻ ምን ሊያደርጉት ነው?» ይላሉ። «ለጎመን ነው ልጄ፤ ፌስታል ብቻ አትጨምርብኝ» ማለት ይበቃል። ለባልዲ ትንሽ ነገር መክፈል ወይም ጎመኑ ሲደርስ እስር እስር መስጠት ግንኙነቱን ያቆየዋል። እነሱም የሚሠሩበት ቦታ ይጸዳላቸዋል። የዝንቡ መቀነስ ዓሣ ሊገዛ የመጣውን ሰው ደስ ያሰኛል፤ ይህን ንገሯቸው።

በርሜሉ ውስጥ ከሥሩ አራት ጣት ያህል ሰጋቱራ አንጥፉ። በየጊዜው የተጣለው ላይም አንድ እፍኝ ነስንሱ። ትራፊው በዚያው ቀን፣ ቢቻል ከሰዓት በፊት፣ ወደ ክምሩ ይሂድ። አድሮ የመጣ ዓሣ ሽታውን ይዞ ነው የሚገባው።

ስትገለብጡት በባዶ እጅ አትንኩት። በተለይ የአምባዛና የቢልጫ ዓሣ ትራፊ ውስጥ መንጠቆ ይቀራል። ጉሮሮው ወይም ሆዱ ውስጥ ተሰክቶ ከላይ አይታይም። የናይለን ክሩ ጫፍ ብቻ ብቅ ይላል። ክሩን ስታዩ አትጎትቱ፤ ቁራጩን በአካፋ ለይታችሁ መንጠቆውን በፒንሳ አውጡ። አንድ መንጠቆ ኮምፖስት ውስጥ ካለፈ ወይ የአረሚዋ እጅ ላይ፣ ወይ የላሟ ሆድ ውስጥ ይገኛል። ወፍራም ጓንት ግዴታ ነው። የአምባዛ ጭንቅላት አጥንቱ ጠንካራ ስለሆነ በመጥረቢያ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈል። በጨው የታሸ ዓሣ ትራፊ ካለ ይቅር፤ ጨው አፈር ይጎዳል።

ክምሩን መሥራት

ልኩ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ይሁን። ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም። ከ1.5 ሜትር ከበለጠ ደግሞ ሥሩ አየር ያጣል። ለዚህ ክምር በ20 ሊትር ባልዲ ስትለኩ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የዓሣ ትራፊ 15 ባልዲ፣ ትኩስ እበት 15 ባልዲ፣ ደረቅ ነገር 100 ባልዲ፣ ያለቀ ኮምፖስት ወይም ከዛፍ ሥር የተወሰደ ጥቁር አፈር 4 ባልዲ። ደረቁ ነገር በ50 ኪሎ ኬሻ ከ20 እስከ 25 ኬሻ ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ አትቀንሱት።

መጀመሪያ ፍራሹን አንጥፉ። ሥሩ ላይ ቅርንጫፍና ደረቅ ኮባ፣ ከዚያ የተከተፈ አገዳና ሰጋቱራ። ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይድረስ። ከዓሣው የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ የሚጠጣው ይህ ነው። ፍራሹ ከሳሳ ፈሳሹ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዝንብም ሽታም ከዚያ ይጀምራል።

ቀጥሎ ዓሣ። ከጣት ስፋት ሁለት እጥፍ ባልበለጠ ውፍረት ዘርጉት። ከጠርዙ ግን በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ያህል ራቁ። ዓሣ ጠርዝ ላይ ከደረሰ ውሻ ያገኘዋል። በላዩ ላይ ለአንድ ባልዲ ዓሣ ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር ይግባ። ከዚያ እበት። ከዚያ ትንሽ ጥቁር አፈር። እንደገና ዓሣ። እንዲህ እየደረባችሁ 1 ሜትር ስትደርሱ ዓሣው ማለቅ አለበት። ጠርዙን በየደረጃው በደረቅ ነገር ሙሉት።

ውሃ ስታጠጡ ዓሣው ራሱ ውሃ እንዳለው አትርሱ። ደረቁን ነገር ብቻ አርጥቡ። ልኩን በእጅ ማወቅ ይቻላል። ከክምሩ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁ። በጣቶቻችሁ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካለ ልክ ነው። ከወረደ በዝቷል። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ አንሷል።

መጨረሻ ላይ ክምሩን ሁሉ በ20 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ ወይም የቡና ገለባ አልብሱት። በላዩ ኮባ፣ ከኮባው በላይ የግራር እሾህ። እሾሁ ለውሻና ለጅብ ነው። የተቀደደ የዓሣ መረብ ማልበስ የሚያምራቸው አሉ፤ አታድርጉት። አባ ኮዳና ሌሎች ወፎች እግራቸው ተጠልፎ ይሞታሉ። ያረጀ መረብ ሐይቁም ውስጥ፣ ዳርም ላይ ሲጣል ይህንኑ ስለሚያደርግ ተሰብስቦ መወገድ ነው ያለበት።

ሙቀቱን መከታተል

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ክምሩ መሞቅ አለበት። ቴርሞሜትር የግድ አይደለም። አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ መሃሉ ድረስ ሰክታችሁ አቆዩት። ለአሥር ደቂቃ ከቆየ ፌሮ ጫፉን ስትጨብጡ እጃችሁን ካቃጠላችሁ በደንብ እየሠራ ነው። ለብ ካለ ሙቀት አላገኘም። ከቀዘቀዘ ወይ ደርቋል፣ ወይ በጣም ረጥቧል።

ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለብዙ ቀን መቆየት አለበት። የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚሞቱት እዚህ ሙቀት ላይ ነው።

መገልበጥ

ከሌላው ኮምፖስት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የእበትና የቅጠል ክምር በሳምንቱ ሊገለበጥ ይችላል። የዓሣ ክምር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አይነካም። ሥጋው ሳያልቅ ከከፈታችሁት ሽታውም ዝንቡም አብሮ ይወጣል። ዓሣው የሚያልቀው መሃል ላይ፣ ሙቀቱ ውስጥ ተቀብሮ ሲተው ነው።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ጠዋት በቀዝቃዛው ገልብጡት። ለስላሳው ሥጋ ጠፍቶ አጥንትና ቅርፊት ብቻ ይታያል። የውጭውን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርጉ። ደርቆ ከሆነ ውሃ፣ ረጥቦ ከሆነ ሰጋቱራ ጨምሩ። ያልጠፋ ሥጋ ካያችሁ መሃል ላይ ቅበሩት። እንደገና አልብሱት። ክምሩ በድጋሚ ይሞቃል።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሳምንት እየቆየ በጠቅላላው ሁለት ጊዜ፣ ግፋ ቢል ሦስት ጊዜ ይገለበጥ። ከተገለበጠ በኋላ መሞቁን ሲያቆም ሥራው ወደ ማለቁ ነው። ለአንድ ወር ያህል ተሸፍኖ ይረፍ። ሁሉም በጥቅሉ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ይወስዳል። በዝናብ ወቅት ላስቲክ አልብሱት፤ ጎኖቹን ግን ለአየር ክፍት ተዉ።

ችግር ሲመጣ

ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ ደረቁ ነገር አንሷል። ሳትገለብጡ ከላይ ሰጋቱራ ደርቡበት። የገማ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከሆነ ውሃ በዝቶ አየር ጠፍቷል። ይህን ጊዜ ሦስት ሳምንት ባይሞላም መገልበጥ ይሻላል፤ አገዳ እየቀላቀላችሁ አላሉት። በጎን ፈሳሽ ከወጣ ሰጋቱራ አንጥፋችሁ አስጠጡትና መልሳችሁ ከላይ ጨምሩት። ወደ ቦይ እንዲሄድ አትተዉት። ነጭ ትል ካያችሁ ዓሣ ወደ ጠርዝ ወጥቷል ማለት ነው፤ ወደ ሙቀቱ መልሱት። ጨርሶ ያልሞቀ ክምር ብዙ ጊዜ ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ ነው፤ ትኩስ እበት ጨምራችሁ ቁመቱን ከፍ አድርጉ።

መድረሱን በፌጦ መፈተን

የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ግን ዓይንና አፍንጫ ይሳሳታሉ። ያልበሰለ ኮምፖስት ችግኝ ያቃጥላል።

ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛው በፌስታል ነው። እርጥብ እፍኝ ኮምፖስት ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጥላ ላይ ሦስት ቀን አቆዩት። ስትከፍቱት ከገማ ይቆይ።

ሁለተኛው በፌጦ ነው። ፌጦ ቶሎ ይበቅላል፤ ያልበሰለ ኮምፖስት ሲያገኘውም ቶሎ ይጎዳል። ሁለት ቆርቆሮ አዘጋጁ። በአንዱ ግማሽ ኮምፖስት ግማሽ አፈር፣ በሌላው አፈር ብቻ። በየአንዳንዱ 20 ፍሬ ፌጦ ዝሩና አጠጡ። በሳምንት ውስጥ ሁለቱን አስተያዩ። ኮምፖስት ያለበት እኩል ወይም የተሻለ ከበቀለ ደርሷል። ከቀጨጨ፣ ሥሩ ጫፉ ላይ ከጠቆረ፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ይረፍ።

ማሳ ላይ ማዋል

ከዚህ ልክ ክምር ወደ 6 ኩንታል ኮምፖስት ይጠበቃል። ለጥማድ እኩሌታ የጓሮ አትክልት ይበቃል። ለሰፊ የበቆሎ ማሳ ግን አይደርስም፤ ስለዚህ በትኖ ከማባከን ጉድጓድ ለጉድጓድ መስጠት ይሻላል።

ለጎመን፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ፣ በየመትከያው ጉድጓድ ሁለት እፍኝ ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ ትከሉ። ለእንሰት ከግንዱ ግማሽ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጋችሁ ቅበሩት። ለቡና የቅርንጫፉ ጫፍ በሚያርፍበት ልክ ዙሪያውን ስጡና ቅጠል አልብሱት። የትኛውም ተክል ላይ ግንዱን አያስነኩት።

ከላይ በትኖ መተው አይሆንም። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፣ መጨረሻውም ያው ሐይቁ ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ።

ዩሪያውን በአንድ ጊዜ አትተዉ። ኮምፖስት ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኮምፖስት ባገኘው ክፍል ላይ ሩቡን ቀንሱ። ሁለት መደብ ግን ኮምፖስት ሳይገባባቸው እንደ ድሮው ተዉ። ልዩነቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው ለሚቀጥለው የምትወስኑት። የቀበሌው የልማት ሠራተኛም እንዲያየው ጥሩት፤ የሚታይ ማሳ ካለ ጎረቤቶችን ለማሳመን ይቀለዋል።

ቦረቦር ያለበት ማሳ ላይ ኮምፖስት አታባክኑ

ከሐዋሳ ዙሪያና ከቦሪቻ በኩል ያለውን ቦረቦር ያየ ሰው አፈሩ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያውቃል። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ነው። ከላይ ከተራቆተው መሬት የታጠበ ደለል ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ጥቁር ውሃ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ረግረጉ ደለሉን ካልያዘው ቀጣዩ ማረፊያ ሐዋሳ ሐይቅ ነው።

ተዳፋት ማሳ ካላችሁ ኮምፖስቱን ከማግባታችሁ በፊት ውሃውን አስቁሙ። በገመድና በውሃ ልክ እኩል ከፍታ ያለው መስመር አውጡ። በመስመሩ ላይ እርከን ሥሩ፤ የቆፈራችሁትን አፈር ወደ ታችኛው በኩል ክመሩት። ክምሩ ላይ ደሾ ሳር ወይም ዝሆኔ ሳር ትከሉ። ሁለቱም እየታጨዱ ለከብት ይሆናሉ። ቬቲቨር የሚባለው ሳር አፈር በመያዝ ይበልጣቸዋል፤ ከብት ግን ብዙም አይወደውም። ከብት ላለው ሰው እኔ ደሾን እመርጥለታለሁ፤ በየጊዜው የሚያጭደው ሰው ይንከባከበዋል።

ማሳችሁ ሐይቁ ዳር ከሆነ ደግሞ ፊላውን አትጨርሱት። እስከ ውሃው ጫፍ ማረስ ሁለት ተጨማሪ መስመር ጎመን ይሰጥ ይሆናል። ግን ቆሮሶ የሚራባው ዳር ዳሩን ነው። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡ የሚደበቁት ጥልቀት በሌለው፣ ቄጠማና ፊላ ባለበት ውሃ ውስጥ ነው። ያ ቦታ ሲታረስ የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ አብሮ ይታረሳል። ፊላው ደግሞ ከማሳው የሚመጣውን ደለል ያጣራል። ከውሃው ጫፍ ቢያንስ 20 ሜትር ሳር ይዞ ይቀመጥ።

ቋሚ ሥራ ለማድረግ

አንድ ክምር አንድ ቀን ይሠራና ይረሳል። በየሳምንቱ አንድ ክምር የሚሠራ ከሆነ ግን ከአራት ወር በኋላ በየሳምንቱ አንድ የደረሰ ክምር አለ። ይህ ለአንድ ገበሬ ይከብዳል። አምስት ስድስት ሰው ሆኖ፣ አንዱ ሰጋቱራ በጋሪ እያመጣ፣ አንዱ ከአስጋሪዎች ማኅበር ጋር እየተነጋገረ፣ ሌሎቹ እየከመሩ ይሠራል። ከማኅበሩ ጋር ስትስማሙ ሦስት ነገር በግልጽ ይነገር፦ ትራፊው በየትኛው ሰዓት ይነሳል፣ በርሜሉን ማን ያጥባል፣ ሳይነሳ የቀረ ቀን ምን ይደረጋል። የመጨረሻው ካልተነገረ ስምምነቱ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳል። በርሜሉን ሐይቁ ውስጥ ማጠብም አይፈቀድ። የታጠበበት ውሃ ክምሩ ላይ ይፍሰስ።

የችግኝ ጣቢያዎችና አበባ የሚተክሉ ሰዎች ኮምፖስት ይገዛሉ። ለእነሱ የሚሸጠው የተነፋ መሆን አለበት። የጣት ጫፍ በማያስገባ ወንፊት ንፉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ ኬሻ ውስጥ ይግባ። አፉን አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ አየር ይፈልጋል። ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን አጥንት፣ ቅርፊትና ያልተበላ አገዳ አትጣሉት። የደረሰ ክምር ተሕዋስያንን ተሸክሟል። የሚቀጥለው ክምር ላይ በጥቁር አፈሩ ፈንታ ይግባ፤ ያ ክምር ቶሎ ይሞቃል።